የእንፋሎት ሞዴል ባቡር ላይ የድምፅ ዲኮደር መግጠም፣ እምቢ ሲልም መፈተሽ

«ሎኮሞቲቩ ይሄዳል፣ ድምፁ ግን የለም።» «ድምፁ ያምራል፣ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።» «ገጥሜ ሐዲድ ላይ ሳስቀምጠው የሆነ ነገር ሸተተኝ።» የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከእነዚህ ሦስቱ አይወጡም። በስልክ ስመልስ ሁሌም አንድ ነገር ይዘላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ዲኮደር ማለት ከመቆጣጠሪያው የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን የሚያዘው ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ እስካሁን ካየኋቸው ውስጥ እሱ ራሱ ከፋብሪካ ተበላሽቶ የመጣው በጣም ጥቂት ነው። ጥፋቱ የሚገኘው ዙሪያው ነው። ከመንኮራኩሩ ኤሌክትሪክ የሚያነሳው ቀጭን ብረት፣ ከሻንሲው ያልተለየ ሞተር፣ ሳጥን የሌለው ስፒከር። ሦስቱንም ከመበየዳችሁ በፊት በመልቲሜትር ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ።

ለምሳሌ የምወስደው በኤችኦ መጠን፣ ማለትም በ1፡87 የተሠራ፣ በሁለት ሐዲድ ዲሲሲ (ዲጂታል ትእዛዝ በሐዲዱ በኩል የሚላክበት አሠራር) የሚሄድ የጀርመኑን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቢአር 52 ነው። አምስት ጥንድ አንቀሳቃሽ መንኮራኩር አለው፣ ከኋላው ከሰልና ውሃ የሚይዘው ተንደር ይከተላል። ሌላ ሎኮሞቲቭ ቢኖራችሁም አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የድምፅ ዲኮደር። የሎኮሞቲቫችሁ ዓይነት ድምፅ የተጫነበት ይሁን።
- ስፒከር ከነሳጥኑ። ኦሙ በዲኮደሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ጋር ይግጠም።
- ሲገናኝ ቢፕ የሚል መልቲሜትር። ርካሹም ይበቃል።
- 12 ቮልት የሚሰጥ ተራ የዲሲ መቆጣጠሪያ።
- የፕሮግራም ሐዲድ መውጫ ያለው የዲሲሲ ጣቢያ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚልከው መቆጣጠሪያ።
- ጫፉ ቀጭን የሆነ ሶልደሪንግ አይረን እና 0.5 ሚሊሜትር የብየዳ ሊድ።
- በሙቀት የሚኮማተር ቀጭን ቱቦ እና ሙቀት የሚችለው ካፕቶን ቴፕ።
- 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ መብራቱ ኤልኢዲ ከሆነ።
- ትንንሽ ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ ሽቦ መቁረጫ።
- አይሶፕሮፒል አልኮልና የጆሮ ጥጥ።
- የእንቁላል መያዣ ካርቶን። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በየጉድጓዱ አስቀምጡ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሽቦ ይበሳል ወይም ማርሽ ይነካል።

ተራውን ናስትሮ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጣል፣ ቴፑ ይንሸራተታል፣ ከወራት በኋላም የሸፈናችሁት ቦታ ተገልጦ ታገኙታላችሁ።

አገጣጠሙ

1. መጀመሪያ ያለ ዲኮደር በተራ ዲሲ ንዱት። ውስጡ አሮጌ ዲኮደር ካለ አውጡትና ባለ ፒን ሶኬት ከሆነ ባዶ መዝጊያውን መልሱለት። ከዚያ ወደፊት 10 ደቂቃ፣ ወደኋላ 10 ደቂቃ ይሂድ። የሚያነክስ፣ የሚጮህ ወይም በአንድ ቦታ የሚይዘው ከሆነ ያንን አስተካክሉ። ዲኮደር የታመመ ማርሽ አያድንም። እንዲያውም ሞተሩን የሚቆጣጠረው ክፍል መንገጫገጩን ለማረም ሲታገል ችግሩን ያጎላዋል።

   እግረ መንገዳችሁን አምፔሩን ለኩ። መልቲሜትሩን በአንዱ መስመር መሐል አስገቡ፣ 12 ቮልት ስጡ፣ መንኮራኩሮቹን በጣት ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያህል አቁሟቸው። የምታነቡት ቁጥር ሞተሩ ሲታነቅ የሚስበው ነው። ይህ ቁጥር ዲኮደሩ ከሚችለው ማነስ አለበት። ኢኤስዩ የሚሠራው የድምፅ ዲኮደር ሎክሳውንድ 5 ለሞተር 1.5 አምፔር ይችላል። ትንሹ ሎክሳውንድ 5 ማይክሮ 0.75 አምፔር ነው። የድሮ ሞተር ከ1 አምፔር በላይ ሲስብ ብታዩ ማይክሮውን እርሱት።

2. ኤሌክትሪክ የሚያነሱትን ብረቶች አጽዱና አንድ በአንድ ፈትሹ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ብዙ ጥሪ የሚመጣልኝም ከዚሁ ነው። መንኮራኩሮቹን በአልኮል አጽዱ። ከዚያ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ዲኮደሩ በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ያዙ፣ በሌላው ጫፍ በዚያው ጎን ያለውን እያንዳንዱን መንኮራኩር ንኩ። ሁሉም ቢፕ ማለት አለባቸው። የጎማ ቀለበት የለበሱት ላይሉ ይችላሉ፣ እሱ የታወቀ ነው።

   ድምፅ የሌለው ሎኮሞቲቭ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበት በፍጥነቱ ያልፈዋል፣ ዓይናችሁም አያየውም። ድምፅ ግን ተንኮለኛ ነው። ያቺው ቅጽበት ድምፁን ትቆርጠዋለች፣ አንዳንዴም ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ከሎኮሞቲቩ ወደ ተንደሩ የሚያልፈው መያዣ ዘንግ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ከሆነ ብሎኑን አጥብቁ። እኔ ግን አልተማመንበትም። ሁለት ቀጫጭን ለስላሳ ሽቦዎች ጨምሬ የሎኮሞቲቩንና የተንደሩን መንኮራኩሮች አገናኛቸዋለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ለውጡ ግን ትልቅ ነው።

3. ሞተሩን ከሻንሲውና ከሐዲዱ ለዩት። በተራ ዲሲ ሎኮሞቲቭ ሞተሩ በቀጥታ ከሐዲዱ ይመገባል። በዲሲሲ ግን ሐዲድ፣ ከዚያ ዲኮደር፣ ከዚያ ሞተር ነው። ሌላ አቋራጭ መንገድ መኖር የለበትም። ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ ከሚያደርሱት ሁለት ካርቦኖች አንዱ እንኳ ሻንሲውን ከነካ፣ ኃይል በሰጣችሁ በሰከንድ ውስጥ የዲኮደሩ የሞተር ክፍል ይቃጠላል። ይህ ጥገና የለውም።

   አፈታተሹ እንዲህ ነው። ባለ ሶኬት ከሆነ ባዶ መዝጊያውን አውጡ። እሱ ሞተሩን ከሐዲድ ጋር የሚያገናኝ ስለሆነ ሳያወጡ መለካት ያሳስታል። ከዚያ አንዱን ጫፍ በአንዱ ካርቦን መያዣ ላይ አድርጋችሁ በሌላው የግራ መንኮራኩር፣ የቀኝ መንኮራኩር፣ ሻንሲውን ንኩ። ሁለተኛውንም ካርቦን እንዲሁ። ስድስት ልኬት ነው። በስድስቱም ዝም ማለት አለበት።

   ቢፕ ካለ ካርቦኑን የሚይዘውን ብረት ጠጋ ብላችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ። በድሮ ሞዴሎች ላይ ከሥሩ የምትወጣ ጥፍር የምታህል የነሐስ ምላስ ታገኛላችሁ። ጫፏ ታጥፎ ሻንሲውን ይነካል፣ ወይም በሞተሩ ብሎን ሥር ተይዛለች። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፣ አንዱ ሐዲድ በሻንሲው በኩል እንዲመጣ። ቁረጧት ወይም ወደ ላይ እጠፏት፣ ከሥሯ ካፕቶን አድርጉ፣ እንደገና ለኩ። አንዳንድ ሞተር ላይ የካርቦን መያዣው ራሱ የሻንሲው አካል ነው። ያኔ የማያስተላልፍ መያዣ ወይም አዲስ ሞተር ያስፈልጋል።

4. በሞተሩ ላይ ያለውን ትንሽ ካፓሲተር እዩ። የሬዲዮ ረብሻ ለመቀነስ የተደረገ ነው። ዘመናዊ ዲኮደር ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚያውቀው ለአፍታ ኃይሉን አቋርጦ ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨውን ቮልቴጅ በመለካት ነው። ካፓሲተሩ ያንን ልኬት ያደበዝዛል። በዝግታ ሲሄድ የሚንገጫገጭ ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እኔ በሁለቱ የሞተር ጫፎች መካከል ያለውንና ወደ ሻንሲ የሚሄዱትን ካፓሲተሮች አነሳለሁ። ጥቅልል ሽቦዎቹን እተዋቸዋለሁ።

5. ስፒከሩን አስቀምጡ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጥሩ ዲኮደር በመጥፎ ስፒከር እንደ ወባ ትንኝ ይጮሃል። መካከለኛ ዲኮደር በጥሩ ሳጥን ውስጥ ክፍሉን ይሞላዋል። ገንዘብ ካነሳችሁ ከዲኮደሩ ቀንሱ እንጂ ከስፒከሩ አትቀንሱ።

   ሳጥኑ ለምን ያስፈልጋል? የስፒከሩ ፊት አየሩን ወደፊት ሲገፋ ጀርባው በዚያው ቅጽበት ይስበዋል። ሁለቱ ከተገናኙ ይጣፋሉ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ። ሳጥኑ የኋላውን አየር ከፊተኛው ይለየዋል። ማመን ካልቻላችሁ ሞክሩት። ያለ ሳጥን እያጫወተ ሳለ ከጀርባው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ግጠሙበትና ጠርዙን በጣታችሁ አፍኑ። ልዩነቱን ወዲያው ትሰማላችሁ።

   ለእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ምቹው ቦታ ተንደሩ ነው። 11 በ15 ሚሊሜትር የሆነው ስኳር ኪዩብ የሚባለው ስፒከር አብዛኛው ተንደር ውስጥ ይገባል። ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ከሰሉ አዙሩት። ከከሰሉ ሥር ያለውን ፕላስቲክ በትንንሽ ቀዳዳዎች ብሱት፣ ከላይ እውነተኛ የከሰል ፍርፋሪ በሳሳ ሙጫ በትኑበት። ድምፁ በፍርፋሪው መሐል ይወጣል፣ ቀዳዳዎቹም አይታዩም። ሙጫው ግን ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን ጠብቁት። ሳጥኑና ስፒከሩ በሚጋጠሙበት ዙሪያ ቀጭን ሲሊኮን ዙሩበት። የፀጉር ያህል ክፍተት እንኳ ወፍራሙን ድምፅ ይሰርቃል።

   ስለ ኦም። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ከተገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፣ በተከታታይ ከሆነ 16። መመሪያው ቢያንስ 8 ኦም ካለ 4 ኦም አትግጠሙ። አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በላይ ይስባል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይሞታል።

   ማስጠንቀቂያ፦ የስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች ሻንሲን፣ ሐዲድን ወይም ክብደት ማድረጊያ ብረቱን በፍጹም መንካት የለባቸውም። እኔ አንድ ዲኮደር በዚህ አጥቻለሁ። የብየዳ ነጥቧ የሩዝ ፍሬ አታህልም ነበር። ተንደሩን ስዘጋ ከክብደቱ ብረት ጋር ተነካካች። ሞተሩና መብራቱ እስከዛሬ ይሠራሉ፣ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ብየዳው ላይ ካፕቶን ሳላደርግ ተንደር አልዘጋም።

6. ሽቦዎቹን አገናኙ። በዲሲሲ የተለመደው የቀለም ስምምነት ይህ ነው፦

   - ቀይ፦ የቀኝ ሐዲድ
   - ጥቁር፦ የግራ ሐዲድ
   - ብርቱካናማ እና ግራጫ፦ ሞተር
   - ነጭ፦ የፊት መብራት
   - ቢጫ፦ የኋላ መብራት
   - ሰማያዊ፦ የመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ
   - አረንጓዴ እና ሐምራዊ፦ ተጨማሪ መውጫዎች

   ቡናማ ሽቦ ብዙ ጊዜ የስፒከር ነው። ግን በአምራቹ ይለያያልና መመሪያውን እዩ።

   ማስጠንቀቂያ፦ ማርክሊን የተባለው አምራች ሎኮሞቲቭ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች በሌላ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። በማርክሊን ቀይ መሐለኛውን ሐዲድ የሚነካው መንሸራተቻ ነው፣ ቡናማ ደግሞ የውጭው ሐዲድ። አረንጓዴና ሰማያዊ ሞተር ናቸው፣ ግራጫ የፊት መብራት፣ ቢጫ የኋላ መብራት፣ ብርቱካናማ የመብራቶቹ የጋራ መስመር። ቀለም በቀለም ካገናኛችሁ ሞተሩን በመብራት ቦታ ገጠማችሁት ማለት ነው። ቀለሙን ተዉትና ሽቦው የት እንደሚሄድ ተከተሉ።

   ባለ 8 ፒን ሶኬት ካላችሁ ሥራው ቀላል ነው። ብርቱካናማው ሽቦ ፒን 1 ላይ ይሁን። ገልብጣችሁ ብትሰኩት ሎኮሞቲቩ በተቃራኒው ይሄዳል፣ መብራቱም አይበራም። ይህንን ምልክት ካያችሁ አትደንግጡ፣ ነቅላችሁ አዙሩት።

   ስትበይዱ ቱቦውን አስቀድማችሁ ሽቦው ላይ አስገቡ፣ በይዱ፣ ከዚያ አኮማትሩ። ዲኮደሩን ራሱን ግን በቱቦ ሙሉ በሙሉ አትጠቅልሉት። ሙቀቱ መውጫ ያጣና ራሱን መዝጋት ይጀምራል። ከሥሩ ካለው ብረት ላይ ካፕቶን ለጥፉ፣ ዲኮደሩን በባለ ሁለት ገጽ ቴፕ አስቀምጡት፣ ላዩ ክፍት ይሁን።

7. መብራቱን ገጥሙ። ኤልኢዲ ከሆነ ያለ ሬዚስተር አታገናኙት። ረጅሙ እግር ወደ ሰማያዊ፣ አጭሩ በ1 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ነጭ። ሬዚስተር ከሌለ ኤልኢዲው አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

8. ሳትዘጉ በፕሮግራም ሐዲድ ላይ ፈትሹ። በቀጥታ ዋናው ሐዲድ ላይ አታስቀምጡት። የፕሮግራም ሐዲዱ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ስለሆነ፣ ሽቦ ተሳስቶ ከሆነ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። ዋናው ሐዲድ ግን ብዙ አምፔር አለው፣ ይቅርታ አያውቅም።

   ሲቪ 8ን አንብቡ። ሲቪ ማለት ዲኮደሩ ውስጥ በየቁጥሩ የተቀመጠ ማስተካከያ ነው፣ 8ኛው የአምራቹን ቁጥር ይነግራችኋል። ኢኤስዩ 151፣ ዚሞ 145፣ ሳውንድትራክስ 141 ነው። ቁጥሩ ከመጣ የሐዲድና የሞተር ሽቦዎች ደህና ናቸው ማለት ነው። ዲኮደሩ መልስ የሚሰጠው በሞተሩ በኩል ለቅጽበት ኃይል በመሳብ ነው። ሎኮሞቲቩ ስታነቡ ትንሽ የሚንፈራገጠው ለዚህ ነው። የሞተር ሽቦ ካልተገናኘ መልስ የለም።

   ከዚያ ወደ ዋናው ሐዲድ አምጡት። አዲስ ዲኮደር በአድራሻ 3 ነው የሚመጣው። በ3 ጥሩት፣ ቀስ ብላችሁ ንዱት፣ ከዚያ የራሱን አድራሻ ስጡት።

9. ሞተሩን አስተካክሉ። በሎክሳውንድ 5 ላይ ቀላል መንገድ አለ። ቀጥ ያለና ነፃ ሐዲድ ላይ አቁሙት። በዋናው ሐዲድ ላይ እያለ ሲቪ 54ን 0 አድርጉ፣ ከዚያ በመቆጣጠሪያው ላይ ኤፍ 1 የተባለውን ቁልፍ ተጫኑ። ሎኮሞቲቩ በሙሉ ፍጥነት ለአጭር ጊዜ ተስፈንጥሮ ይቆማል። በዚያች ጊዜ ሞተሩን ለክቷል። የሐዲዱ መጨረሻ ላይ እጃችሁን አዘጋጁ፣ በእርግጥ በፍጥነት ነው የሚሄደው።

10. የእንፋሎቱን ምት ከመንኮራኩሩ ጋር አስማሙ። አንድ ሞዴል እውነተኛ የሚመስለው ወይም አሻንጉሊት የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር 4 ጊዜ ይተነፍሳል። ምክንያቱም እንፋሎት በእያንዳንዱ ሲሊንደር በፊትም በኋላም ይገባል። ቢአር 52 እንዲህ ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ቢአር 44 ግን 6 ጊዜ ነው። ለ44ቱ 4፣ ለ52ቱ 6 ያደረገ ሰው ጆሮው ለሚያውቅ ወዲያው ይታወቅበታል።

    የቢአር 52 አንቀሳቃሽ መንኮራኩር 1400 ሚሊሜትር ነው። በ87 ስናካፍል 16.1 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 50.5 ሚሊሜትር ገደማ። ስለዚህ በየ5 ሴንቲሜትሩ 4 ምት፣ ማለትም በየ12.6 ሚሊሜትሩ አንድ ምት መስማት አለባችሁ። መንኮራኩሩ ላይ ትንሽ ነጭ ቴፕ ለጥፉ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ልቀቁት፣ ነጩ አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ቁጠሩ። በሎክሳውንድ ሲቪ 57 እና 58፣ በዚሞ ሲቪ 267 ናቸው የሚስተካከሉት። ትንሽ ትንሽ እየለወጣችሁ ደጋግማችሁ ቁጠሩ። በከፍተኛ ፍጥነት አትድከሙ፣ ያኔ ምቶቹ ይዋሃዱና ጆሮ መቁጠር አይችልም።

    ዘንጉ ወደ ታች ሲወርድና ምቱ ሲወጣ አንድ ላይ የሆኑ ዕለት ዝም ብላችሁ ለአምስት ደቂቃ ተመልከቱት። ለዚህ ነው የተለፋው።

11. ቮሊዩሙን ቀንሱ። ከፋብሪካ ሲመጣ ለትንሽ ስፒከር ብዙ ጊዜ ይበዛል። የጠቅላላው ቮሊዩም በሎክሳውንድ ሲቪ 63፣ በዚሞ ሲቪ 266፣ በሳውንድትራክሱ ሱናሚ 2 ሲቪ 128 ነው። ከግማሽ ጀምሩና ፉጨቱን እያሰማችሁ ጨምሩ። ፉጨቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሱት። በዚያ ላይ እዚያው ቤት የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

12. የኃይል ማቆያ ካፓሲተር ከፈለጋችሁ አሁን ጨምሩ። ሐዲዱ ለአፍታ ሲቋረጥ ዲኮደሩን ይዞ ያሻግረዋል። የዲኮደሩ አምራች ያዘጋጀውን ተጠቀሙ። ባዶ ትልቅ ካፓሲተር በቀጥታ ማገናኘት አይሆንም። ኃይል ስትሰጡ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ጣቢያው ሾርት መስሎት ይዘጋል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ካቀያየራችሁት ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ደረጃ 2ን ዘላችሁ ይህን አትግጠሙ። የቆሸሸ መንኮራኩር ለጥቂት ጊዜ ይደበቅላችኋል እንጂ አይድንም።

13. ዝጉ። ሽቦ በማርሽና በብሎን አጠገብ እንዳያልፍ አድርጉ። በሎኮሞቲቩና በተንደሩ መካከል ያሉት ሽቦዎች ላላ ይበሉ፣ ካልሆነ ኩርባ ላይ ተንደሩን ከሐዲድ ያወጡታል። አንድ ብሎን ካሰራችሁ በኋላ በፕሮግራም ሐዲዱ ሲቪ 8ን አንብቡ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ሽቦ የጨመቀው የትኛው እንደሆነ የምታውቁት እንዲህ ነው።

ሲያስቸግር

ይሄዳል፣ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ቁልፎቹን ሞክሩ። በብዙ የአውሮፓ ድምፆች ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 8 ካልተጫነ ድምፁ አይነሳም። በሳውንድትራክስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ኤፍ 8 ድምፁን የሚያፍነው ነው። ቀጥሎ የቮሊዩሙ ሲቪ 0 አለመሆኑን እዩ። ከዚያ የስፒከሩን አንድ ሽቦ ፈትታችሁ ኦሙን ለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር 7 ወይም 8 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ውስጡ ተበጥሷል። ደህና ከሆነ ሌላ ስፒከር አገናኙ። አሁንም ዝም ካለ አምፕሊፋየሩ ሄዷል።

ድምፅና መብራት አለው፣ አይንቀሳቀስም። እዚህ ሰው ዲኮደር ይጥላል፣ ያሳዝነኛል። ሲቪ 19ን አንብቡ። ሁለት ሎኮሞቲቭ አንድ ላይ ለመንዳት የሚሰጥ አድራሻ ነው። ከድሮ የቀረ ቁጥር ካለበት በራሱ አድራሻ ቁልፎቹን ይሰማል፣ ፍጥነት ግን አይቀበልም። 0 አድርጉት። ሲቪ 19 ንጹሕ ከሆነ፣ ሞተሩን ባለበት ይዞ ድምፁን ብቻ የሚያስነሳ ቁልፍ እንዳልተጫነ እዩ። በመጨረሻም ሲቪ 3። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ሎኮሞቲቩ ለመነሳት ብዙ ሰከንድ ይወስዳል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሞቷል ብሎ ይደውላል።

ድምፁ እየተቆረጠ እንደገና ይጀምራል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ሐዲዱንም አጽዱ።

ኩርባ ላይ ብቻ ሾርት ያደርጋል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የራሱ በሽታ ነው። የፊተኛዎቹ ትንንሽ መንኮራኩሮች ሲታጠፉ ሲሊንደሩን ወይም ሻንሲውን ይነካሉ። የፍሬን ትንንሽ ክፍሎችም መንኮራኩር ሊነኩ ይችላሉ። መብራት አጥፍታችሁ ጨለማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱት፣ ብልጭታው ቦታውን ያሳያችኋል። እዚያ ላይ ቀጭን የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ።

ሲቪ አይነበብም። ሞተሩ መገናኘቱን፣ መንኮራኩሩ መጽዳቱን እዩ። የኃይል ማቆያ ካፓሲተር ካለ ለጊዜው ፍቱት። አንዳንድ የድሮ ጣቢያ ለድምፅ ዲኮደር የሚበቃ ኃይል በፕሮግራም ሐዲዱ ላይ አይሰጥም። ያኔ ባይነበብም በዋናው ሐዲድ ላይ መጻፍ ይቻላል።

ፍጥነት ስትጨምሩ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ጣቢያው በ28 ወይም በ128 የፍጥነት እርከን እየላከ ዲኮደሩ በ14 ነው። ሲቪ 29 ላይ 2 ጨምሩ።

ኃይል ሲሰጥ በራሱ ይበራል፣ ይነጉዳል። ዲኮደሩ ተራ ዲሲ ላይ ያለ መስሎታል። ሲቪ 29 ላይ 4 ቀንሱ። 6 ከነበረ 2፣ 38 ከነበረ 34 ይሆናል።

በተቃራኒው ይሄዳል። መብራቱ ትክክል ሆኖ ጉዞው ብቻ ከተገለበጠ ብርቱካናማውንና ግራጫውን አቀያይሩ። ሁለቱም ከተገለበጡ ሲቪ 29 ላይ 1 ጨምሩ።

ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይንጫጫል። ቮሊዩሙን ቀንሱ። ካልተሻለው ስፒከሩን አውጡና ፊቱን እዩ። የስፒከር ማግኔት የብረት ፍቅፋቂ ይስባል። ብረት ስትበሱ ወይም ስትሞርዱ የወጣ ብናኝ ተለጥፎ ይሆናል። በወረንጦ ጫፍ ቴፕ ጠቅልላችሁ ለቅማችሁ አውጡት፣ ስስ ሽፋኑን አትጫኑት።

ሁሉም ነገር ከተምታታባችሁ ሲቪ 8 ላይ 8 ጻፉ። በኢኤስዩ፣ በዚሞና በሳውንድትራክስ ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል። አድራሻውም ወደ 3 እንደሚመለስ አትርሱ። «ሪሴት ካደረግኩት በኋላ ጭራሽ ሞተ» የሚሉኝ በሙሉ በድሮው አድራሻ እየጠሩት ነው።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ አሁንም እምቢ ካለ ስትጽፉልኝ አራት ነገር ላኩ። የሲቪ 8፣ 19 እና 29 ቁጥሮች፣ የደረጃ 3 ስድስቱ ልኬቶች፣ የስፒከሩ ኦም፣ እና ክዳኑ ተከፍቶ ሽቦዎቹ በብርሃን የተነሱበት ፎቶ።